ሩዝና ዶሮ በአንድ ትሪ፦ ለሥራ ቀን እራት ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ከሥራ ስገባ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጆቹ 1 ሰዓት ላይ ካልበሉ ቤቱ ይበጠበጣል፤ ምን ልሥራ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔ ቤት የሚሠራውን ነገርኳት፦ ሩዙን ከታች፣ ዶሮውን ከላይ፣ አፉን በፎይል ግጥም አድርጎ ኦቨን ውስጥ መክተት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ዘጠኝ ዓመት ሆቴል ወጥ ቤት ሠርቻለሁ፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ሆቴሉ ያላስተማረኝን ልጆቹ አስተምረውኛል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

አሠራሩን ላልሰማ በአጭሩ ልድገመው። ለ5 ወይም ለ6 ሰው፦ 6 የዶሮ ታፋ ከነአጥንቱ (1.2 ኪሎ ገደማ)፣ 2 ኩባያ ረጅሙ ሩዝ፣ 3 ኩባያ ተኩል የፈላ የዶሮ መረቅ፣ አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ሳልሳ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ዶሮውን በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በእርድና በፓፕሪካ እሹት። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልታችሁ ነጭ ሽንኩርቱንና ሳልሳውን ጨምሩ፤ የታጠበውን ሩዝ ሁለት ደቂቃ አብራችሁ አማስሉት። 33 በ23 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትሪ ላይ ገልብጡት፣ የፈላውን መረቅ አፍስሱበት፣ ታፋዎቹን ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደርድሩና ሸፍኑ። በ190 ዲግሪ (በፋራናይት 375) በጋለ ኦቨን 40 ደቂቃ፤ ከዚያ ፎይሉን አንስታችሁ 15 ደቂቃ፤ ከወጣ በኋላ 10 ደቂቃ ሳትነኩት ይቀመጥ። እጃችሁ የሚሠራው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። 11 ሰዓት ተኩል የገባች እናት 1 ሰዓት ሳይሞላ ታቀርባለች።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ላዩ እንደ ጠጠር፣ ሥሩ እንደ ገንፎ ሆነብኝ። ምን አጠፋሁ?

እንፋሎቱ ነው ያመለጠሽ። ከውሃው በላይ ያለውን ሩዝ የሚያበስለው እንፋሎት ስለሆነ ፎይሉን ላዩ ላይ ጣል ማድረግ አይበቃም፤ የትሪውን ከንፈር ዙሪያውን በጣት እየጨመቁ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ፎይሉ ስስ ከሆነ ሁለት ድርብ አድርጊው። ሌላው፣ መረቁን ቀዝቃዛ ጨምረሽ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ኦቨን ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ደቂቃ ይበላል፤ 40 ደቂቃው የሚሠራው ፈልቶ ለገባ መረቅ ነው። ሩዙንም በማንኪያ ደልድዪው፤ መሐል ላይ እንደ ጉብታ ከተከመረ ጫፉ ከመረቁ በላይ ይቀርና ደርቆ ይወጣል።

ደግሞ አትክፈቺው! ድስት ሳይከፍት፣ ሳያማስል የሚያድር ሐበሻ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። ግን በከፈትሽው ቁጥር ያጠራቀምሽው እንፋሎት ሁሉ ይሄዳል። አንዴ ከደረቀብሽ ግማሽ ኩባያ የፈላ ውሃ ረጭተሽበት፣ መልሰሽ ሸፍነሽ 10 ደቂቃ ጨምሪ። ገንፎ ከሆነብሽ ያለ ክዳን ትንሽ ደቂቃ ይቆይ፣ ለሚቀጥለው ደግሞ ግማሽ ኩባያ ቀንሺ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትሪው የመስታወት ከሆነ ቀዝቃዛው ላይ የፈላ መረቅ አትድፊበት፤ ሊፈነዳ ይችላል። እኔ የብረቱን ነው የምጠቀም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ጀሞ)፦ እህቴ አሜሪካ ሆና በዚሁ ልክ ትሠራዋለች፣ ያምርላታል። እኔ በልኩ ሠርቼ ሩዙ አልበስል አለኝ።

ይኼ የከተማሽ ከፍታ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ይፈላል። ሩዙ ያንን ሙቀት ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ኦቨኑን 220 ብታደርጊው ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ መረቁን 4 ኩባያ አድርጊውና በተሸፈነበት 15 ደቂቃ ጨምሪለት። ደንቨርና አውሮራ ያላችሁም ሰዎች ወደ 1,600 ሜትር ላይ ናችሁ፤ ሩብ ኩባያና አምስት ስድስት ደቂቃ መጨመር ይበቃችኋል።

ደግሞ የሐበሻ ዶሮ ነው የገዛሽው ወይስ የፈረንጅ? ያልኩት ሁሉ ለፈረንጁ ነው። የሐበሻ ዶሮ ሮጦ ያደገ ስለሆነ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ በ55 ደቂቃ አይበገርም። መጀመሪያ በሽንኩርትና በጨው አንድ ሰዓት ያህል ቀቅለሽ፣ ለስለስ ሲል አውጥተሽ ሩዙ ላይ ደርድሪው፤ የተቀቀለበትን ውሃ ለመረቁ ተጠቀሚበት። እውነቱን ልናገር? እንደዚያ የተሠራው ከእኔው ይበልጥ ይጣፍጣል፤ ለሥራ ቀን ግን አይሆንም።

ጥያቄ (እዚያው ከአዲስ አበባ)፦ ኦቨን የለኝም። መብራትም መሐል ላይ ይጠፋል።

ወፍራም ድስት ካለሽ በሲሊንደር ጋዝ ይሠራል። ዶሮውን በዘይት ሁለቱንም ጎን አምስት አምስት ደቂቃ ቀላ እስኪል ጠብሺውና አውጪው። በዚያው ዘይት ሽንኩርቱን፣ ሩዙን፣ መረቁን አስከትዪ፤ ዶሮውን መልሰሽ ክተቺ። ሲፈላ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅ አድርጊ፣ ከክዳኑ ሥር ፎይል አድርጊበትና 40 ደቂቃ ተዪው። ኦቨን ያለሽ ሌላዋ ደግሞ፣ ትሪው ገብቶ እያለ መብራት ከጠፋብሽ በሩን አትክፈቺ፤ መጨረሻው ላይ ከሆነ በያዘው ሙቀት ይጨርሳል። ገና በጅምሩ ከሆነ ግን ወደ ድስት ገልብጪው። ግማሽ የበሰለ ዶሮ ለብ ብሎ ሰዓታት መቆየት የለበትም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ዶሮ በሎሚና በጨው ሳይታጠብ እንዴት ይበላል? እዚህ አገር ደግሞ አትጠቡ ይላሉ።

ይኼን የሚጠይቀኝ ሰው ብዛት! እናቴ የዶሮ ወጥ ዶሮ ውሃው እስኪጠራ ስትለቀልቅ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ሳይታጠብ ሳየው ሆዴ ያለው ሌላ፣ ጭንቅላቴ የሚያውቀው ሌላ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር አትጠቡ የሚለው ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ተሕዋስያን በውሃ ስለማይጠፉ ነው። ውሃው እየረጨ ማጠቢያው ላይ፣ ሰላጣው ላይ፣ የልጁ ጠርሙስ ላይ ያዛምታቸዋል። የሚገድላቸው እሳት ነው። ሎሚውም አይገድላቸውም፤ ሽታውን ግን ያነሳል፣ ጣዕሙንም ያሳምራል፤ እሱን አልክድም።

ተይ ብልሽ እንደማትተዪ ስለማውቅ፦ ከቧንቧ ሥር አትጠቢው። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ፣ ሎሚና ጨው አድርገሽ ቀስ ብለሽ እሺው፣ ውሃውን ሳትረጪ ድፊው፣ ከዚያ ሳህኑን፣ ማጠቢያውንና እጅሽን በሳሙና። ሥጋውን በወረቀት ፎጣ አድርቂው፤ እርጥብ ዶሮ ላዩ ቀላ አይልም፣ የሩዙንም ውሃ ያበዛል።

ጥያቄ፦ ቆዳውን ልግፈፈው?

ከፈለግሽ። ያለ ቆዳ ከሆነ ላዩን ዘይት ቀቢውና ፎይሉ የሚነሳበትን 15 ደቂቃ ወደ 8 አውርጂው።

ጥያቄ፦ የደረት ሥጋ ብቻ ነው ያለኝ፣ አጥንት የሌለው።

ከሩዙ እኩል ካስገባሽው እንደ ቡሽ ይደርቃል። ሩዙን ብቻውን ሸፍነሽ 20 ደቂቃ አብስዪ፣ ከዚያ ቶሎ ብለሽ ደረቱን ደርድሪበትና መልሰሽ ሸፍኚ። ለታፋ ግን አንድ ብር ጨምሪ እላለሁ፤ ስብ ስላለው ደቂቃ ቢያልፍበትም ይታገሣል፣ ጠብታውም ሩዙን ያጣፍጠዋል።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ነው ምጣድ የያዝኩት። መብሰሉን በምን ላውቅ?

ነፍሷን ይማር አባቴ። ከቻሉ የሥጋ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ርካሽ ነው። የታፋው ወፍራም ቦታ ላይ፣ አጥንቱን ሳይነካ ይውጉት፤ 74 ዲግሪ (በፋራናይት 165) ከደረሰ ለጤና ይበቃል። ታፋ ግን 80 አልፎ ሲሄድ ነው ጅማቱ የሚቀልጠው፤ ስለዚህ አይቸኩሉ። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ከአጥንቱ አጠገብ በቢላ ይሰንጥቁት፤ ሥጋው ሮዝነቱ ጠፍቶ በቀላሉ ከአጥንቱ ከለቀቀ ደርሷል፤ ይሁንና ቀለም ያታልላል፣ ቴርሞሜትሩ ይሻላል። ለአንድ ሰው ከሆነ ሁሉንም በግማሽ አድርገው በትንሽ ትሪ ይሥሩት፤ ለሁለት ቀን ይሆንዎታል።

ጥያቄ፦ በርበሬ ላድርግበት?

አዎ፣ ግን ዶሮው ላይ ደረቁን አትነስንሺው፤ ፎይሉ ሲነሳ ያርና ይመራል። 1 የሾርባ ማንኪያ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላዪው። ልጆች ካሉ በርበሬውን ተዪውና ሚጥሚጣውን ገበታ ላይ አቅርቢ። ደግሞ «እንደ ዶሮ ወጥ ላድርገው» ብለሽ አትድከሚ። ዶሮ ወጥ የራሱ ቀን አለው፤ ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ጥያቄ (ከጅዳ)፦ ይኼ ካብሳ አይደል እንዴ? ማዳም ቤት በየሳምንቱ እሠራለሁ።

ዘመዱ ነው። ካብሳ በሚሉት የሳዑዲዎች የሩዝና የሥጋ ምግብ ላይ ዶሮው አስቀድሞ ከቅመሙ ጋር ይቀቀልና ሩዙ በዚያ መረቅ ይበስላል፤ ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ሄሉና የደረቀው ሎሚ ነው ሽታውን የሚሰጠው። አንቺ እጅሽ ስለለመደ እነዚያኑ መረቁ ውስጥ አፍልተሽ መጠቀም ትችያለሽ። ሄል ከሌለ ኮረሪማ ያገለግላል፤ ግን ጉልበተኛ ነውና በጣም ጥቂት። ባስማቲ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈሽ መረቁን 3 ኩባያ አድርጊው።

ጥያቄ (ከእስራኤል፣ ነታንያ)፦ እኛ ቤት ሥጋና ወተት አይገናኝም። በቅቤ ምትክ?

አሠራሩ ላይ ቅቤ የለም፤ ዘይት ነው። የንጥር ቅቤውን ጣዕም ከናፈቅሽ ዘይቱን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በእርድና በኮረሪማ ለስለስ ባለ እሳት አሙቀሽ አጥልዪው።

ጥያቄ፦ ረቡዕና ዓርብስ?

ታፋውን በ2 ኩባያ የተቀቀለ ሽምብራ ተኪው፤ ሩዙ ውስጥ ቀላቅዪው። ዶሮው የሚያወጣው ውሃ ስለማይኖር ሩብ ኩባያ መረቅ (የአትክልት) ጨምሪ። ሳትከፍቺ 40 ደቂቃ፣ አለቀ። እንጉዳይ ከጨመርሽ ግን ራሱ ውሃ ያወጣል፣ ሩቡን ተዪው።

ጥያቄ፦ ማታ አዘጋጅቼ ላሳድረው?

ዶሮውን አሽተሽ፣ ሽንኩርቱን አቁላልተሽ ለየብቻ ፍሪጅ አሳድሪ። ሩዙን ግን መረቅ ውስጥ አታሳድሪው፤ ይጨማለቃል። ዶሮው በረዶ ከሆነ ከዋዜማው ወደ ፍሪጅ አውርጂው፤ ከነበረዶው ትሪ ላይ ከገባ ሩዙ ሲያልቅለት ዶሮው መሐሉ ጥሬ ነው።

ጥያቄ፦ የተረፈውን ለልጆች ምሳ እቋጥራለሁ። ችግር አለው?

ፍሪጅ የገባበት ሰዓት ነው ወሳኙ። ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ተሕዋስ አለ፤ ዘሩ መፍላትን ይቋቋማል፤ የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ከቆየ ይራባና መርዝ ያመነጫል። ያንን መርዝ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። «አሙቄዋለሁ» የሚለው ለዚህ ነው የማያዋጣ። እራት ካለቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ሰፋ ባለ ዕቃ ዘርግተሽ ፍሪጅ አስገቢ፤ ሦስት ቀን ይበላል። ማታ ሙሉ ምድጃ ላይ ያደረ ከሆነ ምንም ቢያሳዝንሽ ይደፋ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያለ እንጀራ አልጠገብኩም ይላል።

የእኔም። እንጀራው ላይ አድርጊለት፤ የተቀቀለ እንቁላልም ብትጨምሪበት ዝም ይላል።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ለ12 ሰው ላበዛው ነው፤ ትልቅ ጥልቅ ትሪ ልግዛ?

አይ፣ ሁለት ትሪ። ጥልቁ ሥሩ ሲጨማለቅ ላዩ ይቀራል። መሐል ላይ የላይኛውንና የታችኛውን ቦታ አቀያይሪ። ኦቨንሽ ማራገቢያ ካለው 170 ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሥሩ ላይ የሚይዘው የተቃጠለ ነው ወይስ ይበላል?

ቡናማ ከሆነ የምግቡ ምርጡ እሱ ነው። ኢራኖች ታህዲግ ብለው ሆን ብለው ያስይዙትና ለእንግዳ ያቀርቡታል፤ የእኔ ልጆች ማዕዘኑን ለማግኘት ይጣላሉ። እንዲበዛልሽ ከፈለግሽ የብረት ትሪ ተጠቀሚና ከታችኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊው። ጥቁር ከሆነ ግን ማንኪያሽን ከመሐል በላይ አቁሚ፤ ትሪውንም በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፈሽ ተኚ፣ ጠዋት ራሱ ይለቃል።