ጥያቄና መልስ፦ በጾመ ነቢያት የሚቆረሰው ኬክ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን ኮምቦልቻ በአንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ታኅሣሥ 16 ቀን ባልደረቦቼ የፈረንጆቹን ገና ያከብራሉ፣ ኬክ ይቆረሳል። ባለፈው ዓመት «ብቻዬን ብቀር ምን ይሉኛል» ብዬ በላሁ። ዘንድሮስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ኬኩ ርኩስ ነው አልልሽም። በዚያ ዕለት ልደትን የሚያከብሩ ክርስቲያኖችም የሚያከብሩት ያንኑ ጌታ ነውና አንነቅፋቸውም። ነገር ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያንሽ ጾመ ነቢያትን እየጾመች ነው፤ አንቺም ቅቤና እንቁላል ያለበትን የቀመስሽው የሰው ዓይን ፈርተሽ ነው። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ፍርሃት ነው።

ከዚያ ቀን ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 19፣ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነበትን በዓል እናከብራለን። እነዚያ ልጆች የባቢሎንን ቋንቋና ትምህርት ተምረዋል፤ ተሹመውም ሠርተዋል። ስማቸው እንኳ ተለውጦ ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ተብለዋል። ይህን ሁሉ ችለው፣ ከነቢዩ ዳንኤል ጋር ሆነው የንጉሡን ማዕድ ግን እንቢ አሉ፤ ጥራጥሬና ውኃ መረጡ። በማዕድ ፊት ያልጸና ሰው በእቶን ፊት ይጸናል ብዬ አላምንም። ቤተ ክርስቲያንም እስከ ዛሬ በቀደመ ስማቸው አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል እያለች ትጠራቸዋለች። አንቺም ኮምፒውተሩን፣ ቋንቋውን፣ ሙያውን ተማሪ፤ በዚያ የሚከለክልሽ የለም።

ሰው ይቀየመኛል ብለሽ ከሰጋሽ ያደግሽበትን አገር አስቢ። በደሴ ሰርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ለብቻው፣ ለክርስቲያኑም ለብቻው ይታረዳል፤ በዚህ የተኳረፈ ጎረቤት አላየሁም። በረመዳን የሚጾመው ባልደረባሽ በምሳ ሰዓት ሲቀር ታከብሪዋለሽ እንጂ ኋላ ቀር አትዪውም። እርሱ ያላፈረበትን ጾም አንቺ ስለምን ታፍሪበታለሽ?

በዕለቱ አብረሻቸው ተቀመጪ፤ ሰዓትሽ ከደረሰም ሻይ ጠጪ። «ጾም ላይ ነኝ» ካልሽ በቂ ነው፣ ስብከት አትጨምሪበት። ፊትሽንም አታጠውልጊ፤ ጌታ «ስትጾም ፊትህን ታጠብ» ብሏል። ስላለፈው ዓመት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚገባሽን ቀኖና እርሳቸው ይሰጡሻል። ታኅሣሥ 29 ደግሞ ባልደረቦችሽን ሁሉ ቤትሽ ጥሪያቸው። ለሙስሊሞቹ ምን እንደሚቀርብ እናትሽን አማክሪ፤ የወሎ እናት ታውቅበታለች።