የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሲመረጥ ፓርቲዎች ለምን እርስ በርስ ይናከሳሉ? (ጥያቄና መልስ)

የዋሽንግተንን የሹመት ሽኩቻ መከታተል የቆየ ሱሴ ነው። ሰሞኑን ስለ ፔንታጎን ሹመት ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ ስድቡን ትቼ፣ የቀረውን እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ ተመርጦ የመጣ ሰው ነው። የራሱን መከላከያ ሚኒስትር መሾም ካልቻለ ምኑን ፕሬዚዳንት ሆነ?

ያጫል እንጂ ብቻውን አይሾምም። እጩው መጀመሪያ የሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በጥያቄ ይፋጠጣል። ቀጥሎ 100ው ሴናተሮች ድምፅ ይሰጣሉ።

እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመግባት 60 ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ ዴሞክራቶች አሠራሩን ቀየሩት፤ አሁን ተራ ብልጫ ይበቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥሩ ያነሰ ተቃዋሚ ፓርቲ ከእንግዲህ እጩን ብቻውን መጣል አይችልም። መጣል የሚችሉት የፕሬዚዳንቱ የራሱ ሰዎች ናቸው። ጠቡ ወደ ጓዳ የገባው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሪፐብሊካኖች በሴኔቱ 53 መቀመጫ እያላቸው ፒት ሄግሴት እንዴት ለትንሽ ተረፈ?

ትራምፕ ሄግሴትን ያጨው በኖቬምበር 2024 ነው። ሰውየው የብሔራዊ ዘብ መኮንን የነበረ፣ ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመተ፣ በኋላ የፎክስ ኒውስ አቅራቢ የሆነ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት መርቶ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ በ2017 በጾታዊ ጥቃት ከሰሰችው ሴት ጋር በገንዘብ ስምምነት መጨረሱ ታወቀ። እሱ ጥቃቱን አልፈጸምኩም ይላል፤ በፍርድ ቤትም አልተከሰሰም። የመጠጥ ወሬም ተከተለ። በዲሴምበር መጀመሪያ ትራምፕ በፍሎሪዳው ገዢ በሮን ዴሳንቲስ ሊተካው እያሰበ ነው የሚል ዘገባ ሁሉ ወጥቶ ነበር።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2025 ድምፅ ሲሰጥ ሦስት ሪፐብሊካኖች ተቃወሙ፦ ሚች ማኮኔል፣ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ። 50 ለ50 ሆነ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጄዲ ቫንስ መጥቶ 51ኛዋን ድምፅ ሰጠ። ለካቢኔ ሹመት ምክትል ፕሬዚዳንት እኩል የወጣ ድምፅ ሲለይ ከዚያ በፊት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2017፣ ለትምህርት ሚኒስትሯ ለቤትሲ ዴቮስ። ለወታደር መሥሪያ ቤት ግን ታይቶ አይታወቅም። መከላከያ ሚኒስትሮች ብዙ ጊዜ በ90 ምናምን ድምፅ ነው የሚያልፉት።

ጥያቄ፦ ጆኒ ኧርነስት መጀመሪያ ስታቅማማ ነበር። ምን ዞረባት?

ይህቺን ጥያቄ ወደድኳት። የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው ያለው።

ኧርነስት የአይዋ ሴናተር ናት። ራሷ በብሔራዊ ዘብ ሌተና ኮሎኔል ነበረች። የጾታ ጥቃት ደርሶባት እንደነበርም በአደባባይ ተናግራለች። የጦር ኃይሎች ኮሚቴው አባል ናት። ሄግሴት ደግሞ ሴቶች በውጊያ ግንባር መሰለፍ የለባቸውም ሲል የነበረ ሰው ነው። በኮሚቴው ውስጥ ሪፐብሊካኖች በአንድ ሰው ብቻ ነበር የሚበልጡት። እሷ አይሆንም ብትል ነገሩ እዚያው ሊቆም ይችል ነበር።

ምን ተደረገ? ማንም ስለ ሄግሴት ብቃት ሊያሳምናት አልተጨነቀም። የትራምፕ ደጋፊዎች በአይዋ ማስታወቂያ ከፍተው ዘመቱባት። በ2026 የፓርቲው የማጣሪያ ምርጫ ተቀናቃኝ እናቆምብሻለን የሚል ማስፈራሪያ መጣ። የአይዋ ዋና ዓቃቤ ሕግ ብሬና በርድ የትራምፕን እጩዎች ደግፉ የሚል ጽሑፍ አወጣች፤ ሁሉም መልእክቱ ለማን እንደሆነ ገባው። ሄግሴት ጃንዋሪ 14 ቀን ኮሚቴው ፊት ቀረበ። በዚያው ምሽት ኧርነስት በአንድ የአይዋ ሬዲዮ ላይ እንደምትደግፈው ተናገረች። ኮሚቴው 14 ለ13 አሳለፈው።

ፈርታ ነው ወይስ አምና? ልቧ ውስጥ አልገባም። ግን በዚያ ሰሞን የተመዘነው እጩው ሳይሆን እሷ ነበረች። የሹመት ጠብ በአብዛኛው እንዲህ ነው። በእጩው ስም ፓርቲው የማን እንደሆነ ይለካል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ሪፐብሊካኖች ላይ ነው የሚያተኩሩት። ዴሞክራቶች መላእክት ናቸው?

ኧረ በፍጹም! እንዲያውም የእነሱ ይብሳል፤ ልዩነቱ እነሱ ገና እጩው ሳይታወቅ መባላታቸው ነው።

በ2020 ባይደን ሲያሸንፍ ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ስም ብቻ ነበር የሚጠራው፦ ሚሼል ፍሉርኖይ። በኦባማ ጊዜ በፔንታጎን የፖሊሲ ኃላፊ ነበረች። ብትሾም የመጀመሪያዋ ሴት መከላከያ ሚኒስትር ትሆን ነበር። ስሟ ሲነሳ ደግሞ የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም። በ2014 ለቦታው ስትታሰብ ራሷን አገለለች። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ብታሸንፍ እሷ ናት ተብሎ ነበር፤ ክሊንተን ተሸነፈች።

በሦስተኛው ግን ከሁለት በኩል ተመታች። የፓርቲው ግራ ክንፍ ጦርነት ትወዳለች አለ። በ2009 አፍጋኒስታን ተጨማሪ ጦር እንዲገባ፣ በ2011 ሊቢያ ላይ ጣልቃ እንዲገባ መደገፏን አነሳባት። ከአንቶኒ ብሊንከን (ኋላ የባይደን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሆነው) ጋር የመሠረተችው አማካሪ ድርጅት ደንበኞቹን አለመግለጹም አስወቀሳት። የምክር ቤት አባላቱ ባርባራ ሊና ማርክ ፖካን ባይደን ከጦር መሣሪያ ኩባንያዎች ጋር ንክኪ ያለው ሰው እንዳይሾም በደብዳቤ ጠየቁ።

በሌላ በኩል የጥቁር ምክር ቤት አባላት ኅብረት ነበር፤ ቦታው ለጥቁር ይሰጥ የሚል። ባይደንን ከውድቀት ያነሳው የደቡብ ካሮላይና ጥቁር መራጭ ነው። የውጭ ጉዳዩም፣ የገንዘቡም ቦታ ለነጮች ተሰጠ። የደቡብ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ። የኦባማ የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር የነበረው ጥቁሩ ጄይ ጆንሰንም ታስቦ ነበር፤ እሱንም ግራ ክንፉ በድሮንና በስደተኞች እስር ጉዳይ ያዘው።

መጨረሻ ላይ ባይደን ጄኔራል ሎይድ ኦስቲንን መረጠ። የመጀመሪያው ጥቁር መከላከያ ሚኒስትር ሆነ። አሁን ፈገግ የምታሰኘው ነገር ትምጣ፦ ኦስቲን የሬይቲዮን የቦርድ አባል ነበር! ሬይቲዮን ማለት ሚሳይል ሠሪ ነው። እንዲያውም ኦስቲንና ፍሉርኖይ በአንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ውስጥ አብረው ይሠሩ ነበር። በፍሉርኖይ ላይ የጮኸው ሰው አብዛኛው በኦስቲን ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። መርሁ መርህ ቢሆን ሁለቱም መውደቅ ነበረባቸው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ኦስቲን ለመሾም ልዩ ፈቃድ አስፈልጎታል ሲባል ሰምቻለሁ። የምን ፈቃድ ነው?

አሜሪካኖች ወታደር በሲቪል ይታዘዝ የሚለውን ነገር በጣም ያከብሩታል። በ1947 ሕግ መሠረት መኮንን የነበረ ሰው ከሠራዊቱ ከወጣ 10 ዓመት ሳይሞላው መከላከያ ሚኒስትር አይሆንም። በ2008 ወደ 7 ዓመት ወረደ። ኦስቲን ጡረታ የወጣው በ2016 ነው፤ አልሞላለትም። ስለዚህ ሁለቱም ምክር ቤቶች ነፃ የሚያደርገው ሕግ ማውጣት ነበረባቸው።

ከሱ በፊት ይህን ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፦ በ1950 ጆርጅ ማርሻል፣ በ2017 ጄምስ ማቲስ። (ለእኛ ሰው በቅንፍ ልጨምር። የቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ኮሪያ ሲገባ ፔንታጎን ላይ የተቀመጠው ያው ማርሻል ነበር።)

ዴሞክራቶቹን ያጣበቃቸውም ይኸው ነው። ሴናተር ጃክ ሪድ በማቲስ ጊዜ ይህ ፈቃድ በአንድ ትውልድ ከአንድ ጊዜ በላይ መሰጠት የለበትም ብሎ ነበር። አራት ዓመት ሳይቆይ ለኦስቲን ደገፈ። ኤልዛቤት ዋረን ግን ለማቲስም ለኦስቲንም ፈቃዱን ተቃወመች። ኢራቅ ላይ ሁለት እግሯን ያጣችው ታሚ ዳክዎርዝም ፈቃዱን ተቃውማ፣ ሰውየውን ግን ደገፈችው። ይህን እኔ አከብራለሁ። ፈቃዱ በሴኔቱ 69 ለ27 አለፈ። በማግስቱ ሹመቱ 93 ለ2 ጸደቀ። ኋላ ላይ ምክር ቤቱ ሕጉን ለጄኔራሎች ወደ 10 ዓመት መለሰው። ጅቡ ከሄደ በኋላ ነው ውሻ የጮኸው።

ጥያቄ፦ በድምፅ ተሸንፎ የቀረ እጩ አለ?

አንድ። ጆን ታወር፣ 1989።

ታወር የቴክሳስ ሴናተር ነበር። ያንኑ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ በሊቀመንበርነት መርቷል። የድሮ ባልደረቦቹ እንዴት ይጥሉታል? የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ደግሞ ዴሞክራት አልነበረም። ፖል ዋይሪክ የሚባል የታወቀ ወግ አጥባቂ ነው ኮሚቴው ፊት ቀርቦ፣ ሰክሮ አይቼዋለሁ፣ ሚስቱ ካልሆኑ ሴቶች ጋርም አይቼዋለሁ ያለው። በሩ ተከፈተ። ከጦር መሣሪያ ኩባንያዎች የተቀበለው የማማከር ክፍያም ተነሳ። ታወር ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ከተሾምኩ መጠጥ አልቀምስም ብሎ ቃል ገባ። (ሄግሴትም ከ36 ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል ገብቷል።)

ኮሚቴው 11 ለ9 ተቃወመው። ማርች 9 ቀን ሴኔቱ 53 ለ47 ጣለው። ከሪፐብሊካኖች የተቃወመችው የካንሳሷ ናንሲ ካስባም ብቻ ናት። አዲስ የመጣ ፕሬዚዳንት ካቢኔውን ሲያዋቅር ያቀረበው ሰው ሲጣልበት ያ የመጀመሪያው ነው።

ግን የታወር ታሪክ ዋናው ክፍል ከዚያ በኋላ ነው። ፕሬዚዳንቱ አባት ቡሽ ቶሎ ብሎ ዲክ ቼኒን አጨ። ቼኒ 92 ለ0 አለፈ። ቼኒ ያኔ በተወካዮች ምክር ቤት የሪፐብሊካኖቹ ሁለተኛ ሰው ነበር። ወንበሩ ተከፈተ። ኒውት ጊንግሪች ኤድዋርድ ማዲጋንን 87 ለ85 አሸንፎ ያዘው። በሁለት ድምፅ! ጊንግሪች በ1994 ፓርቲውን ለድል አብቅቶ አፈ ጉባኤ ሆነ። ያ የተካረረ፣ ይሉኝታ የሌለው ፖለቲካ በእሱ መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው። ታወር ቢያልፍ ኖሮ ይህ ሁሉ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር።

ጥያቄ፦ ከተቃዋሚው ፓርቲ ሰው ቢሾም ጠቡ አይበርድም?

ኦባማ ሞክሮታል። በ2013 ቸክ ሄግልን አጨ። ሄግል ሪፐብሊካን ነው፤ የነብራስካ ሴናተር የነበረ፣ ቬትናም ላይ ሁለት ጊዜ የቆሰለ። ዴሞክራቶቹ ተቀበሉት። የነከሱት የራሱ ሰዎች ናቸው። በኢራቅ ጦርነት በልጁ ቡሽ ላይ ስለተነሳ የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ሆኖባቸው ነበር። የድሮ ወዳጁ ጆን ማኬይን ሳይቀር በጥያቄ አፋጠጠው። 58 ለ41 ሲያልፍ የደገፉት ሪፐብሊካኖች አራት ብቻ ናቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሥልጣን ለቀቀ።

ጥያቄ፦ በተጠባባቂ መሥራት አይቻልም? ሴኔት ምን ያደርጋል?

ይቻላል፤ ለጊዜው። ማቲስ ከለቀቀ በኋላ ፓትሪክ ሻናሃን በ2019 ግማሹን ዓመት በተጠባባቂነት ሠርቷል።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ፔንታጎን ማን ተቀመጠ ማን ተነሳ፣ ለእኔ ምኔ ነው?

ወንድሜ፣ ጎረቤትህን ጂቡቲን እይ። የአሜሪካ ጦር ከ2002 ጀምሮ ካምፕ ሌሞኒየር ላይ ሰፍሯል። ሶማሊያን ደግሞ ተመልከት። ትራምፕ በኖቬምበር 2020 መከላከያ ሚኒስትሩን ማርክ ኤስፐርን በትዊተር አባረረ። ክሪስቶፈር ሚለር በተጠባባቂነት ገባ። በሳምንታት ውስጥ 700 ገደማ ከነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች አብዛኞቹ ከሶማሊያ እንዲወጡ ታዘዘ። በ2022 ባይደን ከ500 ያነሱትን መለሰ። አልሸባብ ድንበርህ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያም ጦር እዚያው አለ። ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ ሞቃዲሾ ላይ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ሄግሴትን የተቃወሙትና ያመነቱት ምን ሆኑ? ተቀጡ?

ማኮኔል የሴኔቱን ሪፐብሊካኖች 18 ዓመት መርቶ ገና መውረዱ ነበር። ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰውና አንድ ትሪሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት ማስተዳደር ሌላ ነገር ነው ብሎ ተቃወመ። በወሩ በ2026 እንደማይወዳደር አስታወቀ። እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያመነታው ሪፐብሊካኑ ሴናተር ቶም ቲሊስ ደግፎ ድምፅ ሰጠ። በጁን ከትራምፕ ጋር በበጀት ሕግ ተጋጨና እሱም አልወዳደርም አለ። ኧርነስትም በሴፕቴምበር 2025 ያንኑ ተናገረች። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው፤ በዚያች ድምፅ ብቻ ነው አልልም። ግን አንዱ ተቃውሞ፣ ሁለቱ ደግፈው፣ ሦስቱም ከ2026 ምርጫ ወጡ። ኮሊንስ የምትወዳደረው ትራምፕ በተሸነፈባት በሜይን ነው። መርካውስኪ ደግሞ እስከ 2028 ምርጫ የለባትም።