ትሪቲየም በፎስፈር ፕሌት አልታይ ላላት እህታችን

ጥያቄሽን አየሁት። የአይጥ አንጎል ቁራጮችን ትሪቲየም (ጨረር የሚያወጣ ሃይድሮጂን) ባለው ሊጋንድ (ተቀባይ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ ሞለኪውል) ነክረሽ፣ ፎስፈር ፕሌት (የጨረሩን ጉልበት ይዞ የሚያቆይ ሰሌዳ) ላይ አሳድረሽ፣ ስካነሩ ባዶ ምስል አወጣብሽ። የላብ ጓደኛሽ ደግሞ ፎስፎረስ-32 (ሌላ ጨረር አመንጪ) ያለበትን ጄል በዚያው ፕሌት በሁለት ሰዓት ያነባል። «ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?» ነው ያልሽው።

ማሽኑ ምንም አልሆነም። ትሪቲየም ላይ ዓመታት ስለሠራሁ እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ የማየው ፕሌቱን ነው። የፎስፎረስ-32 ቤታ ጨረር (ፈጣን ኤሌክትሮኖች) ጉልበቱ እስከ 1.7 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳል፤ ስስ ፕላስቲክ ቢደረብበት ግድ የለውም። የትሪቲየም ግን ቢበዛ 18,600 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ውሃ ውስጥ 6 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ሄዶ ያልቅለታል። ተራው ፕሌት ደግሞ እንዳይቧጨር ከላዩ መከላከያ ሽፋን አለው። ጨረርሽ እዚያው ሽፋኑ ላይ ቀርቷል።

ለትሪቲየም የሚሠራ፣ ሽፋን የሌለው ፕሌት አለ። ኃላፊሽን እሱን ጠይቂ። ዋጋውን ሲሰሙ ማጉረምረማቸው አይቀርም፤ በዚያ ላይ ሊጠረግ ስለማይችል አንዴ ከተበከለ አበቃ። ስለዚህ ቁራጮቹ ያሉባቸው የመስታወት ስላይዶች ድርቅ ይበሉ። ለጄል የለመድነውን ፕላስቲክ መጠቅለያም እዚህ እርሺው።

አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ከመጀመርሽ በፊት ፕሌቱ ላይ የቀረውን የቀድሞ ምልክት በነጭ ብርሃን አጥፊ፤ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ከአካባቢው ጨረር ይሰበስባላ! ስታወጪው ደግሞ መብራቱን ቀንሺና ቶሎ ስካን አድርጊ። ፎስፈሩ የያዘውን ጉልበት ቀይ ሌዘር ሲነካው በሰማያዊ ብርሃን ይለቀዋል፤ የክፍሉ መብራትም ሳይነበብ ያስለቅቀዋል።

በፕሌቱ ፈንታ ፊልም ይሻላል ወይ ላልሽው፣ የሂፖካምፐስን (የአንጎል ክፍል ነው) ንብርብር አጥርቼ ልይ ካልሽ አዎ፣ ሳምንታት መታገስ ከቻልሽ። ለልኬት ግን እኔ ፕሌቱን ነው የምመርጠው። ፊልም ጠቆር ካለ በኋላ ልዩነት አያሳይም። በሁለቱም ቢሆን አንድ ነገር አትዘንጊ፦ የአንጎል ነጩ ክፍል ከግራጫው ይበልጥ የትሪቲየምን ጨረር ውጦ ያስቀራል። ሁለቱን በጥቁረታቸው ብቻ ካወዳደርሽ ውጤቱ ያሳስትሻል።

ቀጥሎ ስትሞክሪ ካሴቱ (ስላይዶቹና ፕሌቱ የሚዘጉበት ሳጥን) ውስጥ የትሪቲየም ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ናሙና) አብረሽ አስገቢ። ስታንዳርዱም ካልታየ ጥፋቱ የፕሌቱ ነው። እሱ ታይቶ ቁራጮቹ ባዶ ከሆኑ ግን ሊጋንዱ አልያዘም፣ ወይም እጥበቱ በዝቶ ጠርጎታል። ለማንኛውም ስንት ደቂቃ፣ በምን ያህል ቀዝቃዛ በፈር (የማጠቢያ ፈሳሽ) እንዳጠብሽ እዚሁ ጻፊልን።