ያረጀ የማረሻ ዲስክ መጥበሻ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የድሮ ትራክተር ማረሻ ዲስክና የፀረ ተባይ መርጫ ፕላስቲክ በርሜል ግቢ ውስጥ ወድቀው አሉ፣ ዲስኩን መጥበሻ በርሜሉን የውሃ ማጠራቀሚያ ባደርገውስ?

መልስ፦ ዲስኩ አሪፍ ሀሳብ ነው፣ ጎድጎድ ስላለ ዘይቱ ራሱ መሃል ላይ ይሰበሰባል፣ ብረቱም ወፍራም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። መጀመሪያ ቀለሙንና ዝገቱን በግራይንደር ፍቀህ ጨርሰህ አውጣው፣ የመሃሉን ቀዳዳ በብረት ቁራጭ አስበይደህ ድፈነው፣ ከዛ ታጥቦ ሲደርቅ ስስ አድርገህ ዘይት ቀብተህ እስኪጠቁር አግለው፣ ይሄንን ሁለት ሶስቴ ደጋግመው። እጀታው ላይ ግን ዚንክ የተለበጠ ብረት እንዳታስበይድ፣ ሲግል ጭሱ ያሳምማል። በርሜሉን ደግሞ እርሳው ወንድሜ፣ የፈለከውን ያህል ብታጥበው ፕላስቲኩ ኬሚካሉን መጦታል፣ ለከብት መጠጫ እንኳን አይሆንም።