ጣቶቼ የሚያውቁት ማጫወቻ ቀረብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ መምህራን የሚሉትን በስልኬ እቀዳና ማታ ማታ ላፕቶፕ ላይ አዳምጣለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዊንአምፕ ሌላ ማጫወቻ ተጠቅሜ አላውቅም። በቅርቡ ላፕቶፔ ተበላሸና ጥገና ቤት ወሰድኩት። ፎርማት ተደርጎ፣ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ተመለሰ። ዊንአምፕ ግን የለም። የጠገነው ልጅ «እሱ እኮ ድሮ ቆሟል፤ የተሻለ ጭኜልሃለሁ» አለኝ። የጫነልኝን ስከፍተው ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ኤንቪዲኤ፣ የሚለኝ «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ ነው። ወንድሜ አጠገቤ ካልተቀመጠ አንድ ፋይል እንኳ መክፈት አልቻልኩም። ለፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ምን ልጫን? ዊንአምፕን ልፈልገው ወይስ ልርሳው? ኢንተርኔቴ ደካማ ነው፤ ለሶፍትዌር የምከፍለው ገንዘብም የለኝም። እርስዎም እንደኛ ስለሆኑ ይገባዎታል ብዬ ነው የጻፍኩት።
*ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደንብ ይገባኛል። ደብዳቤህን እያዳመጥኩ ጣቶቼ ጠረጴዛው ላይ ዜድ፣ ኤክስ፣ ሲ፣ ቪ፣ ቢ እየነኩ ነበር። ዜድ ወደ ኋላ፣ ኤክስ አጫውት፣ ሲ ለአፍታ አቁም፣ ቪ ጨርሰህ አቁም፣ ቢ ወደ ፊት። አምስቱ ቁልፎች ታችኛው መደዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ስድስት ኪሎ ዶርም ውስጥ አንድ ታላቅ ተማሪ እጄን ይዞ አስለመደኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙዚቃም ሆነ ትምህርት በግራ እጄ ነው የማዘው።

ዊንአምፕ ለዓይነ ስውር ተብሎ የተሠራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ለሁሉም ሰው ነው የወጣው። የኛ የሆነው ሁሉን ነገር በኪቦርድ ማዘዝ ስለሚቻል ነው። ጄን ስትጫን የፈለግከውን ፋይል ስም ትጽፋለህ፤ ይመጣል። የቀኝና የግራ ቀስት አምስት አምስት ሰከንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወስዱሃል። ማውስ የሚባል ነገር አያስፈልግህም።

የጠጋኙ ልጅ ያለህ ግማሹ እውነት ነው። የያኔው ባለቤት አሜሪካን ኦንላይን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ማጫወቻው በታኅሣሥ 20 እንደሚዘጋ አሳወቀ። ያኔ እንደ ለቅሶ ነበር የደዋወልነው። ሁላችንም መጫኛ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጥን። እኔ ዛሬም አለኝ። ግን አልተዘጋም። በ2014 መጀመሪያ ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። በ2018 እና በ2022 አዳዲስ ቅጂዎችም ወጡ። ስለዚህ ከፈለግከው ከራሱ ገጽ አውርደህ መልሰህ መጫን ትችላለህ። ስትጭነው ክላሲክ የሚባለውን መልክ ምረጥ። ዘመናዊው መልክ እንደ ኤንቪዲኤ ካለ ስክሪን ሪደር ጋር አይስማማም። መጫኛውን ከሰው ፍላሽ አትውሰድ፤ ከሰው ሰው ሲዞር የኖረ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እኔ ግን ሙሉ በሙሉ እሱ ላይ እንድትደገፍ አልመክርህም። አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ይነሣል፣ ባለቤት ይቀያይራል። የአንተ ፈተና ደግሞ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ፉባር 2000 ጫን። ነፃ ነው። መጫኛው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ለደካማ ኢንተርኔት አይከብድም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ማጫወቻ ነው። ሲጫን መደበኛ ወይስ ተንቀሳቃሽ ብሎ ይጠይቅሃል። ተንቀሳቃሹን ምረጥና ፍላሽ ላይ አድርገው። ላፕቶፕህ ነገ እንደገና ፎርማት ቢደረግ ማጫወቻህ ከነቁልፎቹ ኪስህ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት የመስኮቱን አሰላለፍ እንድትመርጥ ይጠይቃል። ዝርዝሩን ብቻ የሚያሳየውን ቀላሉን ውሰድ። የአልበም ሥዕልና የሚዘል ግራፍ ለኛ ምንም አይጨምርልንም፤ በታብ ስንሄድ መንገዱን ብቻ ያረዝምብናል።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውልህ። ጣቶችህ የለመዱትን መተው የለብህም። ፉባር ውስጥ ኮንትሮልና ፒ ስትጫን ማስተካከያው ይከፈታል። እዚያ ኪቦርድ ሾርትከትስ የሚል ክፍል አለ። አዲስ ጨምር ትለዋለህ፣ ከዝርዝሩ ተግባሩን ትመርጣለህ፣ ቁልፉን ትጫናለህ። ፕሪቪየስን ለዜድ፣ ፕሌይን ለኤክስ፣ ፖዝን ለሲ፣ ስቶፕን ለቪ፣ ኔክስትን ለቢ ስጥ። ሲክ ከሚለው ሥር ደግሞ አምስት ሰከንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሉትን ለቀኝና ለግራ ቀስት ስጥ። እኔን ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ስጨርስ አንድ ትረካ ከፍቼ ሲን ተጫንኩ። ቆመ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ቀጠለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። እያንዳንዱ ቁልፍ አጠገብ ግሎባል የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ነጠላ ፊደል ላይ በፍጹም እንዳትነካው። ምልክት ካደረግክበት ቁልፉ ኮምፒውተሩ ውስጥ በየትም ቦታ ይሠራል። ወርድ ላይ መልስ እየጻፍክ ሲ በተጫንክ ቁጥር ድምፁ ይቆማል፣ ፊደሉም አይጻፍም። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት ኪቦርዴ ተበላሸ ብዬ ተጨንቄበታለሁ። ሌላው ደግሞ የአማርኛ ኪቦርድ ነው። አማርኛው ክፍት ከሆነ እነዚህ የፊደል ቁልፎች ላይታዘዙልህ ይችላሉ። ማጫወቻው እምቢ ካለህ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው።

ፉባርን ከሌሎቹ የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የኤንቪዲኤ ሠሪዎች ያውቁታል። ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2006 አውስትራሊያ ውስጥ በዓይነ ስውር የተጀመረ ነው፤ ከኛው ወገን ነው። ለፉባር የተለየ ትእዛዝ አስቀምጠውለታል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር ስትጫን ስንት ደቂቃ እንደቀረ ይነግርሃል። ከአር ይልቅ ኢ ስትጫን ስንት ደቂቃ እንደሄደ፣ ቲ ስትጫን ደግሞ ጠቅላላ ርዝመቱን ይነግርሃል። የሁለት ሰዓት ሌክቸር ለሚያዳምጥ ሰው ይኼ ትልቅ ነገር ነው። መምህሩ ስለ ውል መፍረስ የተናገሩት አርባ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ መሆኑን ትይዛለህ። በማግስቱ ቀጥታ እዚያ ትሄዳለህ።

ፉባር የሚጎድለው ፍጥነት ነው። እንደተጫነ ንግግርን አያፋጥንም፤ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። ሦስት ሳምንት የቀረው ተማሪ ደግሞ ማፋጠን አለበት። ለዚያ ቪኤልሲ የሚባለውን ማጫወቻ አብረህ ጫን። እሱም ነፃ ነው። ፓሪስ አጠገብ የተማሪዎች ሥራ ሆኖ የተጀመረ ነው። ከፉባር ይከብዳል፣ ስለዚህ የትምህርት ቤት ዋይፋይ ባለበት አውርደው። የቀኝ ካሬ ቅንፍ ቁልፍ ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ይጨምራል። የግራው ይቀንሳል። የእኩል ምልክት ወደነበረበት ይመልሳል። አልትና ቀስት አሥር ሰከንድ፣ ኮንትሮልና ቀስት አንድ ደቂቃ ያንቀሳቅሳል። ኮንትሮልና ቲ ደግሞ ደቂቃውን ጽፈህ እንድትሄድ ያደርግሃል። ካቆምክበት ልቀጥል ወይ ብሎም ይጠይቃል። ጥያቄውን ኤንቪዲኤ ሳያነብልህ ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ በኮንትሮልና ቲ ወደ ደቂቃው ሂድ። በታብ እየዞርክ መስኮቱን ልታውቀው አትሞክር፤ ግራ ያጋባሃል። ቪኤልሲን በቁልፍና በአልት ሜኑ ብቻ ነው የምይዘው።

አሁን ላፕቶፕህ ላይ ያለውን ያን «በተን፣ በተን» ባይ አንሳው። ጠጋኙ ክፉ አስቦ አይደለም። ለዓይናማ ያምራል። ሠሪዎቹ ግን ለቁልፎቹ ስም አልሰጧቸውም። ሥዕሉ ላይ ሦስት ማዕዘን አለ፣ ከሥሩ «አጫውት» የሚል ጽሑፍ ግን የለም። ኤንቪዲኤ የሌለውን ስም ከየት ያምጣ? ወደፊት ሰው «ይኼን ጫን» ሲልህ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጠው። ያለ ወንድምህ እርዳታ ጫነው። ፋይል ክፈትበት። አቁመው። ስንት ደቂቃ እንደሄደ ጠይቀው። ዘግተህ ክፈተውና ካቆምክበት ይቀጥል እንደሆነ እይ። ከነዚህ በአንዱ ላይ ወንድምህን መጥራት ካስፈለገህ ያ ማጫወቻ ላንተ አይሆንም፤ የቱንም ያህል ቢመሰገን።

ያልጠየቅከኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ወደ ፉባር ስትገባ መጋጨትህ አይቀርም። ፉባር ዝርዝሩ ላይ የሚያሳየው የፋይሉን ስም ሳይሆን ፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን ርዕስ ነው። ከዚህም ከዚያም ገልብጠን የሰበሰብናቸው መዝሙሮችና ትረካዎች ውስጥ ደግሞ ያለው ርዕስ አብዛኛውን ጊዜ «ትራክ አንድ» ነው። አንዳንዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ስለሆነ ኤንቪዲኤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ያነብልሃል። ፋይሉ አልተበላሸም። ፋይሎቹን መርጠህ አልትና ኢንተር ተጫንና ርዕሱን በፋይሉ ስም እንዲሞላ እዘዘው፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ይሠራል። የክፍል ቅጂዎችህን ደግሞ ከወዲሁ በቁጥር ሰይማቸው፤ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት እያልክ። ዜሮው ካልገባ አንዳንዱ ማጫወቻ አሥረኛውን ከአንደኛው ቀጥሎ ያመጣብሃል። ስሙን በግዕዝ ፊደል ከጻፍከው ኤንቪዲኤ ውስጥ ካሉት የኢስፒክ ድምፆች አማርኛውን ምረጥ። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ግን ያነባል።

ሥራውን ዛሬ ማታ ጀምር። ነገ ተነገ ወዲያ ጣቶችህ ራሳቸው ይሄዱልሃል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ናቸው፤ 74 ዓመታቸው ነው፣ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የዛሬ ስንት ዓመት የላክሁላቸው አይፖድ ናኖ ሜኑውን እየተናገረ ስለሚያጫውትላቸው በጣም ይወዱት ነበር። ባትሪው ሞተ። ሱቅ ብጠይቅ መሸጥ ካቆመ ቆየ አሉኝ። ቅዳሴና ትረካ ብቻ ነው የሚሰሙት። ስማርት ስልክ ልላክላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሱቁ ልክ ነው። አፕል ናኖን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። የመጨረሻው አይፖድም በ2022 ቆሟል። አሮጌ ገዝተሽ አትላኪ፤ ባትሪው አብሮ ያረጀ ነው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና እዚሁ ጥያቄ ላይ ትመለሻለሽ።

ስማርት ስልክ ከመላክሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፦ አባትሽ አጠገብ በየቀኑ የሚያስተምራቸው ሰው አለ? የአንድሮይድ ስልክን ስክሪን የሚያነበው ቶክባክ የሚሠራው በመንካት፣ በመጥረግና ሁለቴ በመምታት ነው። የሚያስለምዳቸው የልጅ ልጅ ካለ ጥሩ ነው፤ ቪኤልሲ ስልክም ላይ አለ። ከሌለ ግን ለስላሳ መስታወት ላይ ጣታቸው የሚይዘው ነገር የለም። አባቴም በእርጅና ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ስልኩን በቁጣ ጎረቤት እየወሰዱ «ዝጉልኝ» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ትተውት ዝም ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ እኔ የምመክርሽ እውነተኛ ቁልፍ ያለው ዕቃ ነው። ሂውማንዌር የሚባለው ኩባንያ ቪክቶር ሪደር ስትሪም የሚል ለዓይነ ስውራን የተሠራ ማጫወቻ አለው። ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል። እንደ ቁልፍ ስልክ የቁጥር ቁልፎች አሉት፣ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፣ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ራሱ እንዲዘጋም ማድረግ ይቻላል። ዋጋው ከተራ ማጫወቻ በጣም ይወደዳል፤ ወንድምና እህት ካላችሁ አዋጡ። አማርኛ ጽሑፍ ያነብላቸዋል ብለሽ አትግዢው፤ የተቀዳ ድምፅ ለማጫወት ግን ጎበዝ ነው። ካርዱን ከመላክሽ በፊት አንቺው ሙዪላቸው። ትረካውን በሙዚቃ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በመጻሕፍት ክፍል ውስጥ አስገቢው። መጻሕፍት ክፍል የየአንዳንዱን ትረካ ያቆሙበትን ቦታ ለየብቻ ይይዛል። እንቅልፍ ወስዷቸው ቢያድር በማግስቱ ከመጀመሪያው አይጀምርባቸውም።

ከመላክሽ በፊት የማጫወቻው ቁልፍ ላይ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጊበትና ይድረቅ። ጣታቸው እሱን ይፈልጋል። በስልክ ስታወሪያቸውም «ያቺ ጉብ ያለችዋን» ማለት ትችያለሽ።