ግድግዳ ላይ የቀረው የይለፍ ቃል

ልጆቼ፣

ጅማ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት በላይብረሪ ሥራ ነው። ስለ ኦንላይን ትምህርት ምከራቸው ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ የራሴ ጥፋት ነው።

ሂናሪ የሚባል ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው። እኛ ገዝተን የማንችላቸውን የሕክምና ጆርናሎች እንደኛ ባሉ አገሮች ላሉ ተቋማት በነጻ ይከፍታል። አጎራ የሚባል የግብርና ወንድምም አለው። ተቋማችን የሚገባበትን የይለፍ ቃል እኔ ነበርኩ የምይዘው። በወረቀት ጻፍኩና ከጠረጴዛዬ ጀርባ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የፈለገ መጥቶ ይገልብጥ ብዬ።

መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ። ግቢው ጭር አለ። መምህራን ስላይድ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ ተማሪው አጋሮም በደሌም ሆኖ ይቀበላል። የይለፍ ቃሉ ግን በተቆለፈ ክፍል፣ ግድግዳ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ ላይብረሪው መቼ ይከፈታል?» አለችኝ። «እግዜር ያውቃል» አልኳት። ቃሉን በስልክ መንገር እንኳ አልመጣልኝም! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስላይድ መምህሩ አንብቦ ሲጨርስ የተረፈው ነው። እሱን ብቻ ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ይቻላል፤ መምህሩን «እዚህ ጋ ተሳስተዋል» ማለት ግን አይቻልም። ስለዚህ ኦንላይን ኮርስ ስትመዘገቡ፣ ከቤት ሆናችሁ የተቋማችሁን ዲጂታል ላይብረሪ እንዴት እንደምትገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። የይለፍ ቃሉን ስታገኙ ደግሞ ፌስቡክ ላይ አትበትኑት። የተሰጠው ለተቋሙ ሰዎች ነው፤ ከወጣ ለሁላችሁም ሊዘጋ ይችላል።

«ጋሼ፣ ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉ ሞልቷል» ትሉኝ ይሆናል። ሞልቷል። ግን ያልተለቀመ ቡና ነው። ጠጠሩም ፍሬውም አንድ ላይ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ፣ ዓመቱ የማይታወቅ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ የማይናገር መጽሐፍ አይቻለሁ። የመድኃኒት መጠን ከእንዲህ ያለ መጽሐፍ ለሚያነብ ተማሪ እፈራለሁ። ላይብረሪ ቡናውን ለቅሞ ነው የሚሰጣችሁ፦ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ስንተኛ እትም።

ደግሞ የይለፍ ቃል የማይጠይቅም አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ጆርናል ለማንም ክፍት ነው። የራሳችንን አገር በሽታ የሚያጠና ጽሑፍ ደጃችን ላይ እያለ ባሕር ማዶ የሚፈልግ ስንት ተማሪ አየሁ! መብራትም ኔትወርክም ባለበት ሰዓት አውርዳችሁ አስቀምጡ፤ ማታ ማታ ያው እንደምታውቁት ነው።

ፈልጋችሁ ካጣችሁ የላይብረሪ ሠራተኛዋን ጠይቁ። ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ደስ ይላታል። ቡና ልትጠጣ ወጥታ ከሆነም ጠብቋት፣ ጅማ ነውና ትንሽ ትቆያለች።