በጉዲፈቻ የተሰጠች ልጅ ወደ እናቷ መመለስ ትችላለች?

እህቴ፣ ደብረ ብርሃን በጉዲፈቻ የምታድገው የ15 ዓመት ልጅሽ መሐል ሜዳ አንቺ ጋ መኖር ትፈልጋለች፤ ሕጉ ይፈቅዳል ወይ ብለሻል።

መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ፈልጊ። እኛ አገር ልጅ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ፊት፣ በአደራ ነው የሚሰጠው። ፍርድ ቤት ያላጸደቀው የጉዲፈቻ ስምምነት ደግሞ በሕግ አይጸናም። እንዲህ ከሆነ የእናትነት ሥልጣንሽ አልተነካም፤ በርቺ።

ከጸደቀ ግን ይከብዳል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጅቷ ከወለዳት ቤተሰብ ጋር ያላትን ዝምድና አይቆርጥም። ምርጫ ሲመጣ ግን የሚያሳድጓት ይቀድማሉ። ክልላችን አማራ ግን የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፤ በእናንተ ጉዳይ የሚሠራው እሱ ስለሆነ የሕግ ባለሙያ ያሳይሽ።

ጉዲፈቻ ስለተፈለገ ብቻ አይፈርስም። እንደ ልጅ መያዙ ቀርቶ እንደ ባሪያ የሚያሠሯት ወይም የወደፊት ሕይወቷን የሚጎዳ ነገር የሚያደርሱባት ከሆነ ግን ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። አቤቱታውን ራሷ ልጅቷም ማቅረብ ትችላለች። ማስረጃ ያዙ፦ ከትምህርት የቀረችባቸው ቀኖች መዝገብ፣ የጤና ጣቢያ ካርድ። የወረዳው ሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤትም ይግባበት።

በደል ከሌለ ተነጋገሩ። ጉዲፈቻው ሳይፈርስ፣ እነሱ ከፈቀዱ፣ ክረምቱን አንቺ ጋ ልታሳልፍ ትችላለች። 18 ዓመት ሲሞላት የት እንደምትኖር ራሷ ትወስናለች። አሁን ግን ለብቻዋ አድርገሽ፣ ሳትቆጪ፣ ለምን መምጣት እንደፈለገች ጠይቂያት።